ጥበቡን ሰቅሎ ጠቢቡን መርሳት ይገባልን?



በዚህ ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ተመልሰን ኮኪት ስንገባ የተቀበለን የዝናቡና የሰሊጡ ወሬ ብቻ አልነበረም። ከአዳራሻችን ጀርባ ያለችውን ክፍል ጠርጎ ሁለት የሽመና ዕቃ ስለ መትከል፥ በግድግዳዋም ላይ በሽመና የተሠሩ ሥዕሎችን ሰቅሎ ለአላፊ አግዳሚው ስለ ማሳየትና ስለ መሸጥ ይመከር ነበር። ጥጡ ከደጃችን ነው፤ ሥራ ያጡት ወጣቶች ከመካከላችን ናቸው፤ ሙያውን የሚያውቁ አንድ አባትም በአጠገባችን አሉ። ሐሳቡ መልካም ነውና ሁላችንም አጨበጨብን።

ጭብጨባው ሲበርድ ከመዘምራኑ አንዲት እኅታችን ተነሣች። «ዕቃው ላይ የሚቀመጠው ማን ነው? እኔ ብቀመጥበት ነገ ከእናንተ የማንኛችሁ እናት ናት ልጇን የሸማኔ ልጅ አታግባ የማትለው?» ብላ ጠየቀች። ሙያውን ያውቃሉ የተባሉት አባት የእርስዋ አባት ናቸው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ በፊቷ የሚያነሣው ግን አልነበረም፤ እርስዋም በጉባኤ ፊት ስትናገረው ያ ቀን የመጀመሪያዋ ነበር። መልስ የሰጣት የለም። ሰብሳቢያችን «መሽቷል» አለና በጸሎት ዘጋው።

መሽቶ አልነበረም። ይህን የምንጽፈው ያን ዕለት ዝም ስላልን ነው።

በአማርኛችን «ጥበብ» የምንለው ቃል ሁለት ነገር ይዟል። አንዱ ማስተዋልና ዕውቀት ነው። ሁለተኛው በቀሚስና በነጠላ ጠርዝ ላይ በቀለም የሚሠራው ሽመና ነው፤ እናቶቻችን «ጥበብ ቀሚስ» የሚሉት። ሽመናን ከዕውቀት ጋር በአንድ ስም የጠራ ሕዝብ ሸማኔውን ያከብራል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ይመስላል። ዳሩ ግን ያንኑ ቃል ወደ ሰው ስናዞረው ለሁለት ይከፈላል። ለንጉሡና ለመምህሩ ሲሆን «ጠቢብ» እንላለን፤ ብረት ለሚቀጠቅጠው ሲሆን ደግሞ «ጠይብ»። ሁለቱም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ አንዱ ምስጋና፥ አንዱ ስድብ ሆነ። ለሸማኔውም «ቁጢት በጣሽ» የሚል የራሱ ስድብ ተዘጋጅቶለታል። ዐይኑ ሰው ይበላል የሚለውን ነገር እዚህ አንዘረዝረውም፤ ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተነዋል፤ ያመንነውም እንኖራለን።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት ዐዋጅ ባለ እጁን በሥራው ስም መስደብ ከልክለዋል፤ ብረት ሠሪውም፥ ሸማኔውም፥ ጸሐፊውም በዐዋጁ ተጠርተዋል። ዐዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ከአደባባይ ጥቂት ፈቀቅ ብሏል፤ ከጋብቻ ሽማግሌ ፊት ግን ዛሬም አለ። የእኅታችን ጥያቄ ይህን አሳየን። ከእኛም አንዱ፥ ይህን ጽሑፍ ከሚያዘጋጁት አንዱ ማለታችን ነው፥ ዩኒቨርሲቲ በገባበት ዓመት ጓደኞቹ ስለ አያቱ ሲጠይቁት «ገበሬ ነበሩ» ብሎ መልሷል። አያቱ ሸማኔ ነበሩ። ማንም አላስገደደውም፤ በዐዋጅ የተከለከለውን ስድብ እርሱ በገዛ ራሱ ላይ ፈጸመው።

እንግዲህ ንቀቱ ከሥራው የመጣ እንደ ሆነ እንመርምር። ጥጥ ከተለቀመ በኋላ ፍሬው በመዳመጫ ይወጣለታል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል፤ ከዚያም በእንዝርት ይፈተላል። እስከዚህ ድረስ ያለው የእናቶች ሥራ ነው። በአገራችን የገበሬ ሚስትም የባላባት ሚስትም ፈትላለች፤ የምትፈትለውም ሴት «ባለሙያ» ትባላለች እንጂ አትናቅም። እንዲያውም እመቤታችን በብሥራቱ ዕለት ሐርና ወርቅ አስማምታ ትፈትል እንደ ነበረ ከአባቶች ትውፊት እንማራለን፤ በሥዕልም ፈትል እንደ ያዘች እናያታለን። ያው ፈትል ግን ከእንዝርት ወርዶ በቀሰም ተጠቅልሎ በመወርወሪያ ውስጥ ከገባ በኋላ የያዘው እጅ የተናቀ ይሆናል። ጥጡ ያው ጥጥ ነው። ክሩ ያው ክር ነው። ታዲያ በመንገድ ላይ ምን ተጨመረበት?

መልሱን ከእንዝርቱም ከመወርወሪያውም አናገኘውም፤ ከመሬቱ እናገኘው ይሆናል። በጎንደር አገር ሽመና በአብዛኛው የሙስሊሞችና የቤተ እስራኤል ሙያ ሆኖ ኖሯል። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፥ እ.ኤ.አ. በ1668፥ በተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲኖሩ ተወስኖ ነበር። በዚያ ሥርዐት ርስት የመያዝ መብት ያልነበረው ሰው የሚኖረው በእጁ ሙያ ነው። ሸምኖ፥ ቀጥቅጦ፥ ሸክላ ሠርቶ ለባለ ርስቱ ይሸጣል። ባለ ርስቱም ማረሻውን ከእርሱ ይገዛል፥ ኩታውን ከእርሱ ይገዛል፥ ከማዕዱ ግን አያቀርበውም። ስለዚህ የተናቀው ሽመናው ሳይሆን መሬት ማጣቱ ነው ብንል ብዙ የተሳሳትን አይመስለንም፤ ሽመናው የመሬት ማጣት ምልክት ሆኖ ነው የተጠላው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ይከብደናል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ርስት የሚባለው ነገር ቀረ። ምክንያቱ ከጠፋ ውጤቱ ለምን አልጠፋም? ዛሬ በኮኪት ባለ ርስት የለም። ከእኛ የብዙዎቻችን ወላጆች ከደጋ ወርደው መሬት ያቀኑ፥ ወይም በሰሊጥ አጨዳ ሳሉግ ሆነው መጥተው የቀሩ ናቸው። የጥንት ዘር ቆጥሮ ሊኩራራ የሚችል በመካከላችን ብዙ አይገኝም። ነገር ግን ንቀቱን እንደ ስንቅ ተሸክመነው ወርደናል። ሰው ከብቱን ሸጦ፥ ቤቱን ትቶ፥ አገሩን ለቆ ሲሄድ የማይተወው ነገር ቢኖር የሚንቀውን ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ሰው ኮኪትን የሚያውቃት መተማ ሲነሣ ነው፤ መተማም የምትነሣው ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. ስለ ወደቁባት ነው። ቆላችን ግን ከጦርነቱ ሌላ የጥጥ ታሪክ አለው። በ19ኛው መቶ ዓመት የመተማ ገበያ የደጋው ቡናና ሰም ከቆላው ጥጥ ጋር የሚገናኝበት ነበር፤ ባሪያም ይሸጥበት እንደ ነበር መደበቅ አይገባም። ከዚህ የወጣው ጥጥ ጎንደር ወጥቶ በእነዚያ በተናቁት እጆች ኩታ ሆኗል። ዛሬም ጥጣችን በመኪና ተጭኖ በገንዳ ውሃ በኩል ይሄዳል፤ እኛም ጨርቅ ከሱቅ እንገዛለን።

በዚሁ መንገድ ሸማኔዎቹም አልፈዋል። በ1976ና በ1977 ዓ.ም. ከጎንደር ገጠሮች የተነሡ ቤተ እስራኤላውያን የቆላውን መንገድ በእግራቸው አቋርጠው ሱዳን ገቡ። ብዙዎች በመንገድና በገዳሪፍ አካባቢ በነበረው በኡም ረኩባ መጠለያ ሞቱ፤ ከተረፉትም ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. «የሙሴ ዘመቻ» በተባለው ጉዞ ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ከእነርሱ ጋር ብረት ሠሪው፥ ሸክላ ሠሪዋና ሸማኔው ሄዱ። ዛሬ ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ በወለቃ ጎብኚ መኪናውን አቁሞ በእነርሱ ዐይነት የተሠራ የሸክላ ምስል ይገዛል። ሰዎቹ በነበሩ ጊዜ ከቤታቸው ውኃ የማይጠጣ ሰው፥ ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ሥራቸውን በመደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል። የእኛም ግድግዳ እንዲህ እንዳይሆን እንፈራለን።

በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም በጎንደር ዘመን የተሸመነ ከአምስት ሜትር በላይ ቁመት ያለው የሐር መጋረጃ አለ። የቤተ መቅደስ መጋረጃ ነበር። የሄደውም በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ዘመቻ ጋር ተያይዞ ነው፤ አምሳያው ደግሞ በካናዳ በቶሮንቶ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛል። ሥራው በጉድጓድ ላይ በሚቀመጠው ዕቃችን የተሸመነ አይደለም። ድሩ ቀዳዳ ባላቸው ብዙ ትንንሽ ሰሌዳዎች ውስጥ ይገባል፤ ሸማኔው ሰሌዳዎቹን እያዞረ ክሩን ያቆላልፋል፤ በዚህም የሰው መልክ ያወጣል። በዚህ ዘዴ ከተሠሩትና በዓለም ከታወቁት ጨርቆች ሁሉ እነዚህ ታላላቆቹ ናቸው ይባላል። በላዩ ነገሥታትና አጃቢዎቻቸው ይታያሉ፤ ምሁራንም ዐፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ ሳይሆኑ አይቀሩም እያሉ ይመረምራሉ። ንጉሡ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ብዙ ተደክሟል። ሰሌዳውን ያዞረው ሰው ስም ግን በየትም አልተጻፈም።

ይህን በውይይታችን ስናነሣ አንድ ወንድማችን ጠንካራ መቃወሚያ አቀረበ። «አባቶቻችን ስማቸውን ያልጻፉት በትሕትና ነው፤ ለእግዚአብሔር ቤት የተሠራ ሥራ የሠሪውን ስም አይሻም፤ እናንተ የፈረንጅ ጋለሪ ልማድ ልታመጡብን ነው» አለ። ይህ ቃል ቀላል አይደለም፤ ለብዙ ቀን አስቦናል። ስሙን የሸሸገ ሰው ትሑት ነው። ስሙን የጠየቀው የሌለ ሰው ግን ትሑት ሳይሆን የተረሳ ነው፤ ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ ብቻ አንድ አናድርጋቸው። ደግሞም ትውፊታችን ራሱ ስም ይጽፋል። በብራና መጻሕፍት መጨረሻ ጸሐፊውም አጻፊውም በጸሎት እንዲታሰቡ ይጠራሉ። በግድግዳ ሥዕል ግርጌም ያሠራው መኰንን ከነስሙ ተሥሎ እናገኘዋለን። ኦሪት ዘጸአትም የድንኳኑን ሥራ ሲተርክ ባስልኤልንና ኤልያብን በየስማቸው ይጠራል፤ ነገዳቸውን ሳይቀር ይነግረናል። ትሕትና ከሸማኔው ብቻ የሚጠበቅ ከሆነ ትሕትና መሆኑ ያጠራጥራል።

ስሙን መጠየቅ ሌላም ጥቅም አለው። ከጋሞ ደጋማ ቀበሌዎች ልጆች ለሽመና እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ መወሰዳቸው፥ ከትምህርትም ተለይተው ቀኑን ሙሉ ዕቃ ላይ መዋላቸው ሲነገር የኖረ ነገር ነው። በሽሮ ሜዳ ነጠላ ስንገዛ ዋጋ እንከራከራለን፤ ማን ሸመነው ብለን አንጠይቅም። ማን ሸመነው ያላለ ሰው ዕድሜው ስንት ነው ሊል አይችልም። ከእኛ አንዱ በአንድ ትልቅ ከተማ በሚገኝ ሱቅ አንድ ጋቢ ከሸማኔው ከተገዛበት ዋጋ በብዙ እጥፍ ተሰቅሎ አይቷል። በጋቢው ላይ የሱቁ ስም ነበረ፤ በግድግዳውም የአንድ ሽማግሌ ሸማኔ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ነበር። ሰውየው ማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ ሻጩ አላወቀም፤ ፎቶው ለጌጥ ነው አለ።

ሌላ መንገድ እንዳለ ያየነው ከግብፅ ነው። በጊዛ አጠገብ በምትገኘው በሐራኒያ መንደር ራምሲስ ዊሳ ዋሴፍ የተባለ ግብፃዊ የሕንፃ ባለሙያ፥ በእምነቱም ክርስቲያን የሆነ ሰው፥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የመንደሩን ልጆች ሰብስቦ የሥዕላዊ ሽመና ቤት አቋቋመ። በተራው ሽመና ማጉ ከዳር እስከ ዳር ይሻገራል፤ በሥዕላዊ ሽመና ግን እያንዳንዱ ቀለም በራሱ ስፍራ ብቻ እየተመላለሰ መልኩን ያወጣል፤ ስለዚህ እጅግ አዝጋሚ ነው። በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. ከ1662 ጀምሮ በመንግሥት ይዞታ በሚታወቀው በጎብለን ቤት ሠዓሊው ንድፉን ይሰጣል፥ ሸማኔው ንድፉን ይከተላል። ዊሳ ዋሴፍ ይህን ገለበጠው። ንድፍ አይኑር፤ የሌላ ሰው ሥዕል አይገልበጥ፤ ታላቅ ሰው ልጁን አይተች አለ። ልጆቹ ዘንባባውን፥ ዳክዬውን፥ የዓባይን ዳር በቀጥታ ከልባቸው ወደ ክሩ አወረዱት። ሱፉንም በዕፅዋት ቀለም ነከሩት። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1974 ዐረፈ፤ ልጆቹ ግን በዚያው ሥራ አርጅተዋል። ዛሬ የሐራኒያ ሽመና ሲታይ አሊ ሰሊም፥ ከሪማ አሊ እየተባለ በሸማኔው ስም ነው።

ይህን ስናነብ በጣም ደስ አለን፤ ደስታችን ግን ትንሽ ቸኩሎ ነበር። በሐራኒያም ቢሆን የመንደር ልጆች ነበሩ የሠሩት፤ ልጅን ዕቃ ላይ ማስቀመጥ መቼ ትምህርት፥ መቼ ብዝበዛ እንደሚሆን በዓይን ብቻ አይለይም። ልዩነቱ ሥራው የማን ነው በሚለው ላይ ይመስለናል። የሐራኒያው ልጅ የሚሸምነው የራሱን ሐሳብ ነበር፤ በስሙም ይጠራል።

እዚህ ላይ የአንዲት እናት ቃል ሳናነሣ ብናልፍ በደል ይሆንብናል። «ጨርቅ ለገላ ነው፤ ገላ ሳይለብስ ግድግዳ ይለብሳልን?» አሉን። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ በመተማ በኩል የገባውን ሕዝብ ያዩ ናቸው፤ በላዩ ካለው ልብስ በቀር ምንም ያልያዘ ሰው በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሲሰፍር አይተዋል። ለዚህ ቃል የተሟላ መልስ የለንም። የቤተ መቅደስ መጋረጃም ገላ አይሸፍንም፤ ግን ከንቱ ነው የሚል የለም። ይሁን እንጂ ከሁለቱ ዕቃዎች በአንደኛው ላይ ጋቢና ነጠላ ብቻ እንዲሸመን ያሰብነው ስለ እርሳቸው ቃል ነው።

ይህን ሁሉ ተሸክመን ወደ እኅታችን አባት ቤት ሄድን። ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን ሰድደው፥ በግራና በቀኝ እየረገጡ፥ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ያመላልሱ ነበር። ስለ ለንደኑ መጋረጃ ነገርናቸው፤ ሥራውን ሳያቋርጡ አዳመጡን። በሚሰቀለው ሥራ ሁሉ ላይ ስማቸው እንደሚጻፍ ስንነግራቸው ሳቁ።

«ልጆቼ፥ ስሜን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የቸገረኝ መጠራቱ አይደለም። እናንተ ድሩን ቀድማችሁ ግዙልኝ። ያልተሸጠ ጨርቅ ግድግዳ ላይ ሲከርም ኪሳራው የእኔ ነው ወይስ የናንተ? መጀመሪያ ይህን ንገሩኝ» አሉ።

አፈርን። ስለ ክብር ሁለት ሳምንት ተከራክረን ስለ ኪሳራው አንድ ቀን አላሰብንም ነበር። ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፥ በጥሬ ገንዘብ ይገዛል፤ ማጉን የሚፈትሉት ባለቤታቸው ናቸው፥ የእርሳቸውን ድካም ግን እኛም አልቆጠርነውም። አንድ ነጠላ በጥቂት ቀን ቢሸመን ፈትሉ ሳምንታት ይወስዳል። ስለ ተረሳው እጅ ስንጽፍ ሌላ እጅ ረስተናል። በማግስቱ የሥራውን ወረቀት አውጥተን እንደ ገና ጻፍነው። የድሩ ገንዘብ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ሣጥን እንዲወጣ፥ ያልተሸጠው በሦስት ወር ውስጥ ለሸማኔው እንዲከፈል፥ ፈታይዋና ሸማኔው እየብቻቸው ዋጋ እንዲቆረጥላቸውና ሁለቱም ስማቸው እንዲሰፍር ብለን ሐሳብ አቀረብን። ሣጥኑ ይህን ያህል ይችል እንደ ሆነ ገንዘብ ያዣችን ገና እየቆጠረ ነው።

ስለ ጋብቻው ግን በወረቀቱ ላይ ምንም አልተጻፈም፤ የሚጻፍበትም ስፍራ አላገኘንለትም። ስለ ክሩ ዋጋ በጉባኤ ይወሰናል፤ እናት ለልጇ በጓዳ የምትለውን የሚወስን ጉባኤ የለም። ከእኛ አንዱ ወደ ቤቱ ሄዶ እናቱን ጠየቀ። «እኔ ምን ቸገረኝ፤ ዘመድ ምን ይላል እንጂ» አሉት። ዘመዱን ሲጠይቅ ዘመድም «እናትህ ምን ትላለች» አለው።

እኅታችን ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ሁለት እሑድ አልመጣችም። በሦስተኛው መጥታ በቦታዋ ከመዘምራኑ ጋር ቆመች። ነጠላዋ አዲስ ነበር፤ ጥለቱ የአባቷ እጅ መሆኑን ያየነው ሁሉ ዐወቅን። ጥያቄዋን አልደገመችውም። እኛም እስከ ዛሬ አልመለስንላትም።